እናቲቱን ሳያዩ ቡችላ አይውሰዱ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ቦቢ የሚባል ጀርመን ሸፐርድ ነበረን፤ ልጆቼ ያደጉት ከእሱ ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የኋላ እግሮቹ ይከዱት ጀመር። ሴራሚኩ ላይ ሲሄድ ጥፍሩ ወለሉን እየፋቀ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ መነሳት አቃተውና ባለፈው ዓመት ሞተ። አሁን ልጆቹ ሌላ ውሻ ካላመጣችሁ ብለው አስጨንቀውናል። ባለቤቴ ጀርመን ሸፐርድ ካልሆነ ውሻ አይመስለውም፤ ‹ንጹህ ዘር› የተባለ ቡችላም አግኝቷል፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ዘር ያለው ውሻ በሽተኛ ነው፤ ክልስ ወይ የሀበሻ ውሻ ውሰዱ፣ እነሱ አይታመሙም› ይላል። ትንሿ ልጄ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተወለዱ ቡችሎች አይታ ከእነሱ አንዷን ካላመጣሁ ብላ ታለቅሳለች። ለመሆኑ ክልስ ከንጹህ ዘር ይልቅ ጤነኛ ነው የሚባለው እውነት ነው? የቱን ልውሰድ?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከሰሚት»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

በቦቢ ሞት በጣም አዝኛለሁ። ስለ እሱ አንድ ነገር ሳልል ወደ ሌላው አላልፍም፤ የጥያቄዎ መልስም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የጻፉልኝ የጥፍር ድምፅ ትልቅ ፍንጭ ነው። የኋላ እግር ሲደክም ብዙ ሰው «ዳሌው ነው» ይላል። ጀርመን ሸፐርድ በዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ስሙ የታወቀ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዳሌው የታመመ ውሻ ያመዋል። ጠዋት ሲነሳ ያቃስታል፣ ደረጃ ይፈራል፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አጣምሮ ያነሳል፤ መዳፉን ግን በትክክል ያሳርፋል። ጥፍሩ ወለል የሚፍቀው ውሻ ችግሩ ሌላ ነው። የሕብለ ሰረሰሩ ነርቮች ቀስ በቀስ እየሞቱ መዳፉ የት እንዳለ አያውቅም፤ እግሩን ሲያራምድ መዳፉ ይታጠፍና በላይኛው ገጹ ይረግጣል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የኋላ እግሩን ሁለት መካከለኛ ጥፍሮች ነው። ከላይ በኩል ተፍቀው አጥረው፣ አንዳንዴም ደምተው ይገኛሉ። ከዚያ ውሻውን አቁሜ መዳፉን በእጄ እገለብጠዋለሁ። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያቃናዋል፤ ይሄኛው እንደተገለበጠ ቆሞ ይቀራል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ይጀምራል፣ ውሻውን አያመውም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም እንጂ የቦቢ ነገር ይህን በጣም ይመስላል። ከሆነ ደግሞ እርስዎ ያጎደሉበት ነገር የለም፤ ልጆቹም ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

የዚህ በሽታ መነሻ የሆነው የዘረመል ጉድለት የታወቀው በ2009 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጉድለቱ የጀርመን ሸፐርድ ብቻ አይደለም። ከመቶ በሚበልጡ ዝርያዎች ላይ ተገኝቷል፤ ክልሶችም ላይ አለ። እንግዲህ «ክልስ አይታመምም» የሚለው የወንድምዎ አባባል ገና ከቦቢ በሽታ ላይ ይሰናከላል። ያም ሆኖ ወንድምዎ ከመሬት ተነስተው አላወሩም፤ ግማሹን እውነት ይዘዋል።

እኛ አገር ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌ ተቀምጦ የአያት ቅድመ አያት ስም የሚጠራው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ንጹህ ዘር የሚባሉት ውሾች የተሠሩት በተቃራኒው መንገድ ነው፤ መልካቸው እንዳይለወጥ ሲባል የእህትና የወንድም፣ የአባትና የልጅ ግንኙነት ሆን ተብሎ ተደርጓል። የባለቤትዎን ምርጫ እንኳ ብንወስድ፣ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ጦር መኮንን በ1899 ሆራንድ የተባለ አንድ ወንድ ውሻ ገዝቶ የዝርያው መዝገብ ላይ አንደኛ አድርጎ አስመዘገበው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ጀርመን ሸፐርድ ሁሉ የዘር ግንዱ ሲቆጠር እዚያ ውሻ ላይ ይደርሳል። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ከውጭ አዲስ ደም አይገባም። በ2021 የወጣ 227 ዝርያዎችን የመረመረ ጥናት አማካዩን ሲያሰላ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ውሾች ዝምድና ከእህትና ከወንድም እንደተወለዱ ያህል ሆኖ አግኝቶታል።

ዝምድናው ለምን ይጎዳል? ጉድለት ያለበት ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከሌላኛው ወላጅ የመጣው ጤነኛው ሥራውን ይሸፍንለታል። ሁለቱም ወላጆች ከአንድ አያት ሲመዘዙ ግን ያው ጉድለት በሁለቱም በኩል መጥቶ ይገናኛል። ይህን ከዳልሜሽያን፣ ከዚያ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ውሻ በተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። ሰው ላይ ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድ የዳልሜሽያን ሰውነት እንደ ሌሎች ውሾች አይሰባብረውም፤ ስለዚህ በሽንቱ በብዛት ይወጣል፣ ጠጠር ይሠራል። ወንዶቹ ላይ ጠጠሩ የሽንት ቧንቧ ዘግቶ ለሞት ያደርሳል። የሚያሳዝነው፣ በመዝገብ ላይ ያሉት ዳልሜሽያኖች ሁሉ ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ወርሰውት ነበር። ጤነኛ መርጦ እንዳያራቡ ከዝርያው ውስጥ የሚመረጥ ጤነኛ አልነበረም። በ1973 ሮበርት ሻይብል የሚባሉ አሜሪካዊ የዘረመል ባለሙያ አንዲት ዳልሜሽያን ፖይንተር ከሚባል ሌላ ዝርያ ከሆነ አንድ ውሻ ጋር አዳቀሉ። ልጆቹን መልሰው ከዳልሜሽያን፣ የልጅ ልጆቹንም እንዲሁ ከዳልሜሽያን ጋር እያገናኙ ትውልድ ቆጠሩ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ውሾቹ በመልክም በጠባይም ዳልሜሽያን ናቸው፤ ከፖይንተሩ የቀራቸው ያ ጤነኛ ዘረመል ነው። የአሜሪካው የውሻ መዝገብ ቤት ግን እነዚህን ውሾች በቋሚነት የተቀበለው በ2011 ነው። «ንጹህነቱ ይበላሻል» በሚል ክርክር ስንት ውሻ ሽንቱ ታግዶ እንደተሰቃየ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ንጹህ የሚለው ቃል ከጤና በላይ ሲከበር የሚሆነው ይህ ነው።

እስከዚህ ወንድምዎ ትክክል ናቸው። ቁጥሩ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ ከ1995 እስከ 2010 በእንስሳት ሆስፒታሉ የታከሙ ውሾችን መዝገብ አገላብጠው ከ27 ሺህ በላይ በሽተኞችን በ24 የዘር በሽታዎች አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2013 ወጣ። አሥሩ በሽታዎች ንጹህ ዘሮች ላይ በዝተው ተገኙ፤ ከእነሱም ውስጥ የልብ ጡንቻ መላላት፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ሞራ፣ የቆዳ አለርጂ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ አሉበት። አንዱ፣ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ ክልሶች ላይ በዛ። በቀሩት በአሥራ ሦስቱ ልዩነት አልተገኘም። እርስዎ የሚፈሩት የዳሌ መላላትና ብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ያሉት እዚህ አሥራ ሦስቱ ውስጥ ነው። ማለትም ዳሌን በተመለከተ ክልስ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሰጥም።

ዕድሜን ያየው ደግሞ በ2024 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ከ584 ሺህ በላይ ውሾች ተቆጥረው የንጹህ ዘሮቹ መካከለኛ ዕድሜ 12.7 ዓመት፣ የክልሶቹ 12.0 ሆነ። ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንዳሉት ዛሬ በፋሽን የተዳቀሉት ውሾች ገና ወጣት ስለሆኑ መዝገቡ ላይ በእርጅና ሞተው የሚገኙት ጥቂት ናቸውና ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ቢሆንም «ክልስ ሁልጊዜ ረጅም ዕድሜ ይኖራል» የሚለውን ቁጥሩ አልደገፈውም። በ2023 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከ27 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶች ተጠይቀው፣ ምንም በሽታ ያልተመዘገበባቸው ከንጹህ ዘሮቹ 22.3 ከመቶ፣ ከክልሶቹ 20.7 ከመቶ ሆነው ተገኙ። እኩል ናቸው ቢባል ይቀላል።

ታዲያ ይህን ያህል ዝምድና ጎጂ ከሆነ ለምን ልዩነቱ ጎልቶ አይወጣም? አንደኛው ምክንያት «ንጹህ ዘር» የሚለው ከረጢት ውስጥ የማይመሳሰሉ ውሾች አብረው መታጨቃቸው ነው። በዚያው በእንግሊዙ ጥናት ትናንሾቹና አፍንጫቸው ረዘም ያለው ሴቶች መካከለኛ ዕድሜያቸው 13.3 ሲሆን፣ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ፊተ ጠፍጣፋ ወንዶች 9.1 ዓመት ነው። ፊተ ጠፍጣፋው ፍሬንች ቡልዶግ 9.8 ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ ዕድሜ የቆረጠው የአፍንጫ እጥረትና የጉሮሮ መጥበብ ነው እንጂ መዝገብ ላይ መጻፉ አይደለም። ሌላ ዘር ቢቀላቀልበትም፣ ልጁ ያንኑ ፊት ይዞ ከተወለደ ያንኑ ትንፋሽ ይዞ ይኖራል። ሲተኛ የሚያንኮራፋ፣ ትንሽ ሮጦ ምላሱ የሚጠቁር ቡችላ «ያምራል» ብለው እንዲገዙት አልመክርም፤ ማንም ይሽጠው ማን።

ሁለተኛው ምክንያት ቤት ውስጥ ያለ ነው። በአሜሪካ 48 ላብራዶር ቡችሎች ከአንድ እናት የተወለዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ከወንድሙ አንድ አራተኛ ያነሰ ምግብ እየበላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተሏቸው። ጥናቱ በ2002 ወጣ። ቀጠን ብለው የኖሩት 13.0 ዓመት፣ የጠገቡት 11.2 ዓመት ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ በሽታውም ቀጫጮቹ ላይ ዘግይቶ መጣ። ዘሩ አንድ፣ እናቲቱ አንድ፣ ልዩነቱ የሳህን ነው። በእንግሊዝ በክልስና በንጹህ ዘር መካከል የታየው ልዩነት ከስምንት ወር ብዙም አያልፍም፤ የሳህኑ ልዩነት ሃያ ሁለት ወር ተጠግቷል። ስለዚህ የትኛውንም ቢወስዱ የጎን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ መለየት አለበት፤ ካልተለየ ወፍሯል። (በነገራችን ላይ የወጥ ትርፍ አይስጡት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው።)

አሁን ወደ አገራችን ውሻ። የሀበሻ ውሻን «ክልስ» ማለት ልማድ ሆኗል እንጂ፣ የዝርያ ውሾች ተደባልቀው የወጣ አይደለም። በግብጽ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ አብዛኞቹ የአገሬው ጥንታዊ ውሾች እንደሆኑና የዘር ስብጥራቸው ከዝርያ ውሾች የሰፋ እንደሆነ አሳይቷል። የእኛዎቹም አኗኗር ያው ነው፦ ማንም ሳያጋባቸው ራሳቸው ይጋባሉ። መካከለኛ ቁመት፣ የተስተካከለ አፍንጫ፣ አጭር ጸጉር፣ ቀጥ ያለ እግር አላቸው። እኔ ይህን አካል እወደዋለሁ፤ ሐኪም የሚፈልገው አካል ነው።

ነገር ግን «አይታመሙም» የሚባለው የሚያሳሳት ነገር አለው። አጥር ሥር የተወለዱትን ቡችሎች ልጅዎ አሁን ትቁጠራቸው፤ ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሳ ስንት እንደቀሩ ትይ። የሚቀሩት አንድ ወይ ሁለት ናቸው። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት የውሻ ተላላፊ በሽታዎች፣ ወስፋት፣ ረሃብና መኪና ሌሎቹን ይወስዳሉ። እኛ መንገድ ላይ የምናየው የተረፈውን ጠንካራ ነው፤ የሞቱትን ማንም ሐኪም ጋ አልወሰዳቸውም፣ ማንም አልመዘገባቸውም። ፓርቮ ቡችላውን የመንደር ውሻ ነው ብሎ አይምረውም፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ በጀመረ በሁለትና በሦስት ቀን ሊሞት ይችላል።

ጀርመን ሸፐርድ ከሀበሻ ውሻ ጋር ተዳቅሎ የተወለደው ክልስስ? ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ከሁለት ሩቅ ዘሮች የመጣው የመጀመሪያው ትውልድ ያ የተደበቀ ጉድለት ጥንዱን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ከ100 ሺህ በላይ ውሾችን የመረመረ የ2018 ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል፦ ከመረመራቸው የዘር በሽታዎች አንዱ ሊገለጥባቸው የሚችሉት ከክልሶቹ 2 ከመቶ፣ ከንጹህ ዘሮቹ 5 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በአንድ ወገን ብቻ ጉድለቱን ተሸክመው የሚዞሩት ግን ክልሶቹ ይበልጣሉ። አንድ ክልስ ከሌላ ክልስ ሲወልድ የተሸከሙት ሊገናኝ ይችላል ማለት ነው። ደግሞ ዳሌ በአንድ ዘረመል የሚወሰን ስላልሆነ ዳሌው የላላ አባት ለክልስ ልጁም ያካፍላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ደጋግሜ የማየው ስለሆነ ነው። የበግ አይቨርሜክቲን ገዝታችሁ ለእከክ ብላችሁ በግምት ውሻ አትውጉ። ኮሊና ሌሎች እረኛ ውሾች፣ አንዳንድ ሸፐርዶችም፣ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ዘረመል ይጎድላቸዋል፤ የእነሱ ደም ያለበት ክልስም እንዲሁ። ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይታወራል፣ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል።

ባለቤትዎ ያገኙትን ቡችላ በተመለከተ፣ «ወረቀት አለው» ቢባሉ ወረቀቱ የሚናገረው የወላጆቹን ስም ነው እንጂ ጤናቸውን አይደለም። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚባለው ለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ሻጩ ቤት ሄደው እናቲቱን አሳዩን ይበሉ። «የለችም፣ ክፍለ ሀገር ናት» ካሏችሁ ተመለሱ። ካለች ከተኛችበት እንድትነሳ ያድርጓት፤ የኋላ እግሯ ሳይንቀጠቀጥ በአንድ ጊዜ ትነሳለች ወይስ በፊት እግሮቿ ራሷን እየጎተተች? ጀርባዋ ወደ ኋላ በጣም ያዘነበለ፣ ተረከዟ መሬት ሊነካ የደረሰ ከሆነ ያንን ቁመና እንደ ውበት አይቁጠሩት። አባቱ ማን ነው፣ ከእናቲቱ ጋር ይዛመዳል ወይ፣ ዳሌያቸው በራጅ ታይቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተነሳ ራጅ የመጨረሻ መልስ አይሰጥም። ቡችላውን ያንሱት፤ ድዱ ሮዝ ይሁን፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ከሆነ ወስፋት አለበት። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለዩት። ወስደው ካሳደጉት ደግሞ ገና ሲያድግ ሴራሚክ ላይ አያሯሩጡት፣ ምንጣፍ ያንጥፉለት፣ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አያኑሩት።

የቱን ልውሰድ ላሉት፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የልጅዎን ምርጫ እወስዳለሁ። ምክንያቴ ክልስ ስለሆነች አይደለም፤ ክልስም አይደለችም። አካሏ የተስተካከለ ነው፣ ከቅርብ ዘመድ የመወለዷ ዕድል ጠባብ ነው፣ ለቡችላው ግዢ የሚወጣው ብር ደግሞ ለክትባት፣ ለትል መድኃኒትና ስትደርስ ለማስመከን ይበቃል። ባለቤትዎ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ፈልገው ከሆነም፣ የሀበሻ ውሻ እንግዳ ሲመጣ ጆሮው ቀድሞ እንደሚቆም ያውቁታል። አሁንም ሸፐርድ ካልሆነ ካሉ አልከለክልም፤ እናቲቱን ካዩና ያልኩትን ከጠየቁ ጤነኛ ሸፐርድ ይገኛል።

ቡችላዋን ለመውሰድ ግን ልጅዎ ብቻዋን እንዳትሄድ። የምታጠባ ውሻ ልጇን ሲነኩባት ትናከሳለች፤ ቡችላ ራሱ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ልጅዎ ከተነከሰች ወይም ከተቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥበው፣ ትንሽ ነው ሳይሉ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ያድርሷት። ቡችላዋን ስትነጠል ሐኪም ጋ ያሳዩ፤ የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቷ ተጀምሮ በየሦስት ወይ በየአራት ሳምንቱ አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት ይደገማል። የእብድ ውሻው በሦስት ወሯ ይሰጥና በየዓመቱ ይቀጥላል። ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ውሾች የሚጸዳዱበት መንገድ ላይ አያውጧት፤ የቦቢን አሮጌ ሳህንና ምንጣፍም አስቀምጠው ከሆነ በበረኪና ሳይታጠብ አይስጧት።